ካልሲ ያጠለቁ ጠርሙሶች

አምስት ጠርሙስ ወይን ይዤ ቅዳሜ ከገበያ፣
ወደ ሽምብጥ ስመለስ፣ ባጃጁ ሲሸሽ አህያ
ኮብልስቶኑ ላይ ነጥሮ፣ አንዱ እግሬ ሥር ተሰበረ፤
ካልሲዬ ቀላ። ሹፌሩ «ደም ነው ወይ?» ብሎ ተሸበረ።

አራት ቀረኝ። ለዘመድ ግን «አምስት ነው» ተብሎ ተነግሯል፤
የቁጥር ወረቀቱም እስከ አምስት ተቆርጧል።
ሆቴል ስሠራ ነው ይህን ጨዋታ የለመድኩት፦
ስምና ዋጋው ተሸፍኖ፣ ፍርዱን ለምላስ የሚተውት።

ጓዳ ገባሁ። ቁጥር ሁለትን ከፈትኩና
ግማሹን ገለበጥኩት፣ ባዶ ጠርሙስ ፈለግሁና፤
ቁጥር አምስት ብዬ ሾምኩት።
እናቴ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ቀና አላለችም፤
ቢላዋዋ ግን ለአንድ አፍታ ቆመ። ምንም አልጠየቀችም።

የአባቴን አሮጌ ካልሲዎች ከቁምሳጥን አውጥቼ
አጠለቅሁላቸው፣ ግራ ቀኙን ሳላይ፣ እስከ አንገት ጎትቼ፦
ግራጫ፣ ጥቁር፣ ባለመስመር፣
የአንዱ ተረከዝ ቀዳዳ፣ የሚያሳይ የጠርሙሱን ከንፈር።

አጎቴ አንማው ሲገባ «ዓይኔን ነው የምታስሩት?» አለ ጋቢውን ጠምጥሞ፤
«ጠርሙሱን ነው እንጂ አባዬ!» አለው የራሱ ልጅ ቀድሞ።

እሱና አባቴ አንድ ጀልባ ነበረቻቸው በጋራ፣
ወደ ደሴቶቹ ሰው የምትጭን፣ ቀና ብላ የምትኮራ።
እምቦጭ ሞተሯን ቢያንቀው ሸጧት፣ ብሩን ተካፈሉ፤
ከዚያ ወዲህ ከ«እንደምን ዋልክ» አልፈው ምንም አልተባባሉ።

ቁጥር አንድ ያለ ጠብ አለፈ። «የሳል ሽሮፕ» ተባለ።
ሁለት ሲቀዳ አባቴ ቀመሰ። ዝም አለ። ዋጠ።
«ይሄ» አለ፣ «ጨዋ ነው፤ በቦታው የተቀመጠ።»
ሦስትን አክስቴ ፈንታነሽ አሽትታ በጣቷ ገፋችው፤
አራትን ድመቷ ደፋችው።

አምስት መጣ። አጎቴ ብርጭቆውን ወደ አምፖሉ አነሣ፣
ተጉመጠመጠ፣ ቆየ፣ ዋጠ፣ ጉሮሮውን አጸዳ ደግሞ እንደ ነገረ ፈጅ፤
«በቃ! ያ ሁለት ቁጥር ውሃ ነው፤
ስሙን ባላውቀውም፣ ይሄኛው ግን ጌታ ነው።»

«አምስት?» አለ አባቴ፤ «አምስት እኮ ጎምዛዛ፣
ጉሮሮ ይዞ የሚቀር፣ ጣዕም የሌለው፣ የሌለው ለዛ።»
«እንየው፣ አንተ ድሮም ጥሩ ነገር ሲሸጥ አይገባህም!»
«አንተ ደግሞ ሲገዛ!»

መጀመሪያ ስለ ወይን ነበር ነገሩ፤
ቀስ ብሎ ገባበት ደላላው፣ ቀብዱ፣ ሞተሩ።
«አንድ ናቸው» ልል አፌን ከፍቼ፣ መልሼ ዘጋሁት፤
ሁለት ሽማግሌ ባንድ ጊዜ ማሳፈሩን ፈራሁት።

መብራት ጠፋ።

ያን ጊዜ ነው ሐይቁ የተሰማን። በመስኮት የደንገል፣ የዓሣ፣ የእርጥብ ገመድ ሽታ፣
እያጓራች ወደ ወደብ የምትመለስ አንዲት ጀልባ፣ በማታ።
«ሱዙኪ ናት» አለ አባቴ።
«ያማሃ» አለ አጎቴ።
ጆሯችንን ጣልን። ድምፁ ራቀ፣ ተጠጋ፣ ሳል ሳል አለው።
«ያማሃ ናት… እውነትህን ነው» አለው።

እጆች ብርጭቆ ሲዳስሱ ተነካኩ። ይቅርታ ያለ የለም፤
ጠጡ። ከዚያ ወዲያ ቁጥር የጠራ የለም።
መብራቱ ሲመጣ አምስት በአባቴ እጅ፣ ሁለት በአጎቴ፤
አየሁ። አየች እናቴ።

እሁድ ረፋዱ ላይ ካልሲዎቹን አጥባ ሰቀለች፦
ግራጫውን ለብቻው፣ ጥቁሩን ለብቻው፣ ቀዳዳውን ዝቅ አድርጋ፤
የሁለትንና የአምስትን ግን አንድ መቆንጠጫ ውስጥ አስጠግታ።
ጥንድ ነበሩ ለካ፤ ግራና ቀኝ።
«ሌላ ጊዜ» አለችኝ ፊቷን ሳትመልስ፣ «ጠርሙስ ሲሰበር
ለእኔ ንገረኝ፤ ጓዳ ጠላ አይጠፋም ነበር።»